አሥር ካርድ፣ አሥር ፖስታ፦ ልጆቼ ምስጋና መጻፍ የጀመሩበት ጥቅል

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ለመሥሪያ ቤት የሰነድ ማኅደር ልገዛ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጎራ አልኩ። ሒሳብ መክፈያው አጠገብ በላስቲክ የታሸጉ ጥቅሎች ተደርድረዋል። ላያቸው ላይ «የልጆች የምስጋና ካርድ» ይላል። አሥር ካርድ፣ አሥር ፖስታ፣ ሁለት ቅጠል ስቲከር፣ አንድ የመመሪያ ወረቀት። ዋጋው 480 ብር።

አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ደግሞ አነሳሁት። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማደርገው ማካፈል ነው። አንዱ ካርድ 48 ብር ይመጣል። ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ብዙ ነው። ግን ቤቴ ውስጥ በወጉ ያልተመሰገነባቸው ሦስት ስጦታዎች ነበሩ፤ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለእንቁጣጣሽ አዳማ ያለችው እህቴ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላከችላት። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ኳስ ይዞለት መጣ። ሀገረ ሰላም ያሉት አማቴ ደግሞ ለሁለቱም በእጃቸው የሠሩትን ሹራብ ላኩ።

ሦስቱንም በስልክ አመስግነናል። እንዴት እንዳመሰገንን ግን ልንገራችሁ። ስልኩን ልጁ ጆሮ ላይ እለጥፋለሁ። «አመሰግናለሁ በል» እላለሁ። «አመሰግናለሁ» ይላል። ከዚያ «እሺ… አዎ… ደህና ናት…» ብሎ ስልኩን መልሶ እጄ ላይ ጣል ያደርግና ይሮጣል። ሃያ ሴኮንድ አይሞላም። ሹራቡ ግን ስንት ማታ እንደፈጀ አውቃለሁ፤ አማቴ ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም።

እኔ ይርጋለም ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለሁ የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርኩ። ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው እናቶች ይጠሩኝና በርጩማ ይሰጡኛል። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር በጣም ደኅና ነኝ።» ከዚያ ሰላምታ ይጀመራል፤ የጎረቤቱ ሁሉ ስም በተራ ይጠራል። ልጁ ብር ወይም ጨርቅ ልኮ ከሆነ ግን እናቲቱ እዚያ ላይ ድምፅዋን ዝግ ታደርጋለች። «የላክኸውን ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ በይልኝ። ሁሉም ከየት ነው አሉኝ በይልኝ።» ማመስገን ማለት ይህ መሆኑን የተማርኩት እዚያ በርጩማ ላይ ነው። ለዚህ ነው ጥቅሉን ገዝቼው የወጣሁት።

አሁን አንድ ወር ተጠቀምንበት። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወፈር ያለ ነጭ ካርቶን፣ ለሁለት የሚታጠፍ። ትልቋ በእስክሪብቶ ስትጽፍበት ቀለሙ ወደ ጀርባው አላለፈም። ትንሹ በላጲስ ደጋግሞ ፍቆበት አልተቀደደም፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሽፋኑ ሥዕል አደይ አበባ ነው፣ ቢጫው የጠራ፣ ያልተጋነነ። እዚያው መደብር «ታንክ ዩ» የሚል የሚያብረቀርቅ ካርድም አለ። ልጆቼ ለአያታቸው የሚጽፉት በአማርኛ ስለሆነ እሱን አልነካሁትም።

ችግሩ ካርዱን ሲከፍቱት ነው።

ከአሥሩ ካርዶች ስድስቱ ውስጣቸው ተጽፎባቸዋል። «ስለሰጠኸኝ ስጦታ ከልብ አመሰግንሃለሁ።» ከታች ስም መጻፊያ መስመር አለ። በቃ። ልጁ ስሙን ይጽፋል፣ ያሽጋል፣ ይልካል።

ልጄ ለአክስቷ ልትጽፍ አንዱን ከፈተች። አነበበችና ቀና አለች። «እማዬ፣ ይሄኮ ለወንድ ነው።»

እውነቷን ነው። «ስለሰጠኸኝ» ለአክስት አይሆንም። ለአያትም አይሆንም። ለጎረቤት ሽማግሌም አይሆንም፤ በእኛ ሰፈር ልጅ ትልቅ ሰውን «አንተ» ቢል ዞር ብሎ የማያየው የለም። በእንግሊዝኛ አንድ «ዩ» ለሁሉም ይበቃል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በአማርኛ ግን የምናመሰግነው ሰው ግሡ ውስጥ ተቀምጧል። ወንድ ይሁን ሴት፣ እኩያ ይሁን ታላቅ፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ በስልክ እንደምንለው ማንንም የማይጠራ «አመሰግናለሁ» ካልሆነ በቀር፣ ያንን ሳይለዩ «አመሰግን…» ብሎ መጨረስ አይቻልም። አመሰግንሃለሁ። አመሰግንሻለሁ። አመሰግንዎታለሁ። አመሰግናችኋለሁ። ልጁ ቃሉን ለመጨረስ ሰውየውን ማሰብ ግድ ይሆንበታል። የታተመው ካርድ ይህንን ማሰብ ነው ከልጁ የቀማው። ለእኔ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነበር።

ስለዚህ ስድስቱን ወደ ጎን አስቀመጥኳቸው። የቀሩት አራቱ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ መስመር ብቻ። ሥራውን የሠራነው በእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ማታ አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለቱንም ከእራት በኋላ አስቀምጬ ሦስቱንም ደብዳቤ ዛሬ እንጨርስ አልኩ። ትልቋ ረቂቅ ጻፈች፣ አረምኩባት። ደግማ ጻፈች፣ «ፊደልሽ ተንጋደደ» አልኳት። ሦስተኛው ላይ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ትንሹም እሷን አይቶ አለቀሰ። ባለቤቴ ከሳሎን መጥቶ «ለምስጋና ነው እንዲህ የምታስለቅሻቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉንም ሰብስቤ አስተኛኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና እስኪፈላ። የፊደል ስህተትም አላርምም። ልጄ «ሐዋሳ» የምትለውን በየትኛው ሀ ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። ከተማዋ ራሷ በየማስታወቂያው «ሐዋሳ»ም «ሀዋሳ»ም «አዋሳ»ም ተብላ ትጻፋለች። የፈለግሽውን አልኳት። ፊደሉ ሐመሩ «ሐ» ይሁን ሃሌታው «ሀ»፣ አክስቷ ግድ የላትም።

ያን የመጀመሪያ ረቂቅ ግን አስቀምጬዋለሁ። ልጄ ቤት ውስጥ የምታየው ደብዳቤ እኔ ለመሥሪያ ቤት የምጽፈውን ነው። ስለዚህ ከላይ በቀኝ በኩል ቀን ጻፈች። በግራ «ለአክስቴ፣ አዳማ» አለች። ከዚያ መሐል ላይ አስምራ «ጉዳዩ፦ ቦርሳ ስለመቀበል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ቦርሳው ደርሶኛል» ይላል። ልጄ ደብዳቤ ማለት ይህ ብቻ መሆኑን ነው የምታውቀው። የሰው ደብዳቤ አይታ አታውቅም። እኔ በእሷ ዕድሜ የሰፈሩን ናፍቆት ሁሉ እጽፍ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ደብዳቤ ቤታችን ሲገባ አላየችም። ይህ ነገር በጣም ነካኝ።

አሁን ስለ መመሪያ ወረቀቱ። አንድ ገጽ ናት። አብዛኛው የሚታወቅ ነው፤ ቶሎ ጻፉ፣ ስማችሁን አትርሱ፣ ዋጋ አትጥቀሱ ይላል። መሐሏ ላይ ግን አንዲት ጥያቄ አለች። «ስጦታውን ስትጠቀሙበት ምን ሆነ?» 480 ብሩን ከምንም በላይ ያወጣችልኝ ይህች ጥያቄ ናት።

ልጄን ይህንኑ ጠየቅኳት። «ቦርሳውን ይዘሽ ስትሄጂ ምን ሆነ?»

«ምንም» አለች።

ዝም ብዬ ጠበቅኩ። እርሳሷን ስትቀርጽ ቆየች። ከዚያ «ማክሰኞ ዝናብ ዘንቦ ነበር» አለች። «ከባጃጅ ስወርድ ጎርፉ እስከዚህ ደርሶ። ቤት ስገባ ደብተሬ ደረቅ ነበር።»

«እሱን ጻፊው።»

«እሱማ ምኑ ይጻፋል? አክስቴ ትስቅብኛለች።»

ይህ የእሷ ብቻ ፍርሃት አይደለም። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ያሳተሙትን ጥናት አንብቤ ነበር። ሰዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ከዚያ ተቀባዩ ምን የሚሰማው ይመስላችኋል ብለው ጠየቋቸው። ጸሐፊዎቹ የተቀባዩን ደስታ አሳንሰው ገመቱ፣ ነገሩ ይከብደዋል የሚለውን ደግሞ አጋነኑ። እነሱ የተጨነቁት ስለ ቃላታቸው ማማር ነበር። ተቀባዮቹ ግን ልባቸው የቀረው የደብዳቤው ፍቅር ላይ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን አልዘረዘርኩላትም። «አትስቅብሽም፣ እኔ አውቃታለሁ» ብቻ አልኳት።

ደብዳቤዋ ይህን ይላል፦

«ውድ አክስቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ቦርሳውን ስለላክሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ማክሰኞ ዝናብ ዘነበ። ጫማዬ ረጠበ፣ ካልሲዬም ረጠበ፣ ደብተሬ ግን አልረጠበም። የጎኑ ኪስ ውስጥ የውሃ ኮዳዬ ልክክ ይላል። ስትመጪ አሳይሻለሁ።»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለስብሰባ ወደ አዳማ ይሄድ ስለነበር ፖስታውን ሰጠሁት። በሻሸመኔ፣ በባቱ፣ በሞጆ አድርጎ ማታውኑ ለእህቴ አደረሰላት። እህቴ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ልጄን አስጠራችኝ። «አምና ደብተርሽ በዝናብ በስብሶ ስታለቅሺ በስልክ ሰምቼሽ ነበር» አለቻት። «ገበያ ውስጥ ሻጩን ውሃ አምጣ ብዬ ላዩ ላይ አፍስሼ ሞክሬው ነው የገዛሁት።»

ልጄ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። አክስቷ ውሃ እያፈሰሰች ቦርሳ መምረጧን አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም። በስልክ «አመሰግናለሁ» ብለን ብንዘጋው ኖሮ ይህን ነገር ማንም አያነሳውም ነበር። ያን ማታ ሁለቱ አሥራ አምስት ደቂቃ አወሩ፤ ስልኩን ለእኔ የመለሰችልኝ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ነው።

ትንሹ ገና ፊደል እየለቀመ ነው። ለእሱ ሌላ መንገድ ነበር የያዝነው። መጀመሪያ ሥዕል ይሥላል፣ ከዚያ ይናገራል፣ እኔ በሌላ ወረቀት ላይ የተናገረውን እጽፍለታለሁ፣ እሱ ከዚያ ይገለብጣል። ሥዕሉ ላይ አልተቸገርንም። የእንቁጣጣሽ ቀለም እርሳሱ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጆቻችን እኮ በዓመት አንዴ ወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው፣ በየቤቱ እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ የሚሰጡ ናቸው። በወረቀት ሰውን ደስ ማሰኘት ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ትንሹን «ለአጎትህ እንደ እንቁጣጣሽ ሥዕል አድርገህ ሥራለት» ስለው ወዲያው ገባው። ኳሱን ከቤቱ አስበልጦ ሣለው። እኔ የጻፍኩለትን ገለበጠ፤ ጋሼ የሚላቸው ጎረቤታችንን ነው፦

«አጎቴ። ኳሱ በጣም ይነጥራል። የጋሼ ግቢ ገባ። አመሰግንሃለሁ።»

እዚህ ጋ ስለ መስመሩ ልናገር። ካርዱ ውስጥ ያለው መስመር ለትልቋ ይመቻል፣ ለትንሹ ግን ጠባብ ነው። የእሱ አንዲት «መ» ሁለት መስመር ትወስዳለች። ሰባቱ ቃላት ገጹን ሞልተውት «አመሰግንሃለሁ» ወደ ጀርባው ዞረ። ጥቅሉ ላይ «ከ5 እስከ 12 ዓመት» ተብሎ ተጽፏል። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ መስመር የሌለው ወረቀት ይሻላል።

አጎቱ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስላለው ያንን በፖስታ ቤት ላክነው። ልጆቹን ሆን ብዬ ነው ይዣቸው የሄድኩት። ቴምብሩን ትንሹ ለጠፈ። ወረፋ ላይ ቆመን ኢትዮጵያ ውስጥ ፖስታ በምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. መጀመሩን ነገርኳቸው። «ያኔ ኳስ ነበር?» አለኝ። 275 ኪሎ ሜትር ሙሉ ደብዳቤው ብቻውን እንደሚሄድ ሲሰማ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ፖስታውን ሳመው።

ፖስታዎቹ ግን ደካማ ናቸው። ኮላው አይይዝም። በምላስ አርጥበው ተጭነው ሲለቁት ተመልሶ ይከፈታል፤ ሁሉንም በፕላስተር ነው ያሸግናቸው። ስቲከሮቹ ያምራሉ፣ ግን ትንሹ ግማሾቹን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎ ጨረሳቸው።

የአማቴ ደብዳቤ ከባዱ ነበር። ሀገረ ሰላም ደጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሐዋሳ ደግሞ ቀን ቀን ሹራብ አያስለብስም። ልጄ ሹራቡን አልለበሰችውም። «ስትጠቀሙበት ምን ሆነ?» የምትለው ጥያቄ እዚህ ጋ አልሠራችም። ልጄም ልትዋሽ ተዘጋጅታ ነበር፤ «በየቀኑ እለብሰዋለሁ ልበል?» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። አያቷ ሲመጡ ሹራቡን አዲስ ሆኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኙታል። ከዚያም በላይ፣ የምስጋና ወረቀት ላይ ውሸት እንዲለምዳት አልፈለግኩም። «አምጪውና እንየው» አልኩ። አልጋ ላይ ዘረጋነው። ልጄ ጎንበስ ብላ የአንዱን መስመር የክር ቀለበት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሰማንያ አራት። ከዚያ ሁለተኛውን መስመር ቆጠረች፣ እሱም ሰማንያ አራት። ከዚያ መስመሮቹን ቆጥራ መሐል ላይ ጠፋባት። ተነሥታ ዝም አለች።

ደብዳቤው ላይ «አንድ መስመር 84 ቀለበት አለው» ብላ ጻፈች። «መስመሩ ብዙ ነው፣ ቆጥሬ አልጨረስኩም። ይህን ሁሉ በእጅሽ ሠራሽው? እዚህ ቀን ይሞቃል። አንቺ ጋ ስመጣ ለብሼው እመጣለሁ።»

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ነበራት። ልጆቼ አያታቸውን በቃል «እማማ፣ አንቺ» ነው የሚሏት። እኔ አማቴን «እርስዎ» እላቸዋለሁ። «በደብዳቤ ሲሆን እንደ አንቺ ነው እንደ እኔ?» አለችኝ። ቡናውን እያፈላሁ አሰብኩት። ደብዳቤ ሲጻፍ ከበድ ማለት አለ፣ አውቃለሁ። አንዳንድ ቤተሰብ በጽሑፍ ሁሉንም ታላቅ «እርስዎ» ያደርጋል፣ ያም ያምራል። እኔ ግን አያት የልጅ ልጇ «አንቺ» ሲላት ነው የራሷ የሚመስላት ብዬ አምናለሁ። አፍሽ እንደሚላት ጻፊ አልኳት። አማቴ ደብዳቤውን የጎረቤት ልጅ አነበበላቸው። መልእክታቸው በሰው በኩል መጣ፦ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ክፉ አይንካሽ፣ ለገና ይዘዋት ይምጡ።

ብር ለተሰጠው ልጅ ምን ይጻፍ የሚል ሰው ይኖራል። መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም፤ እኛ ጋ ግን በበዓል ለልጅ ከዕቃ ይልቅ ብር ይበዛል። እኔ የምለው መጠኑን ሳይጠቅሱ የተገዛውን ወይም ሊገዛ የታሰበውን መጻፍ ነው። «በሰጡኝ ብር ቀለም እርሳስ ገዛሁ፣ አረንጓዴው ቶሎ አለቀ።» ይህ ይበቃል። ሰጪው ብሩ የት እንደደረሰ ያያል።

ባለፈው ሳምንት ስድስቱን የታተሙ ካርዶች ይዤ ወደ መደብሩ ተመለስኩ። ልመልሳቸው ሳይሆን ላሳይ ነበር። የመደብሩ ባለቤት ሴት ናት፣ በሰላሳዎቹ መሐል የምትሆን። ካርዱን ከፍታ ለራሷ አነበበችው። ለእናቷ የምትሰጥ አስመስላ እንደገና ጮክ ብላ አነበበችውና «ውይ፣ አላስተዋልነውም» አለች። ምክንያት አልደረደረችም። ደብተር አውጥታ የነገርኳትን ሁሉ ጻፈች፤ ውስጡ ባዶ ይሁን፣ መስመሩ ይስፋ፣ ኮላው ይቀየር። ለገና የሚደርስ አዲስ እትም አለ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር እነጋገራለሁ አለችኝ። ከዚያ ከሌላ ጥቅል ሁለት ባዶ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። ሒሳብ ልክፈል ብላት አልተቀበለችም። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ያስመልሳል፤ የሰነድ ማኅደሬንም ከዚያው ነው የምገዛው።

እንግዲህ ግዙት ወይስ አትግዙት ለምትሉኝ፦ ልጃችሁ ሰባት ዓመት ካለፈው፣ አሁን ያለውንም ቢሆን ግዙ፤ ባዶዎቹን አራት ተጠቀሙ፣ የታተሙት ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፉባቸው። እኛም አንዱን እንደዚያ አድርገነዋል፣ አይታወቅም። ልጃችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን ወረቀት ገዝታችሁ ለስምንት ቁረጡት። ያችን አንዲት ጥያቄ ደግሞ እዚህ ላይ ጽፌላችኋለሁ። አዲሱ እትም ሲወጣ የመደብሩ ባለቤት ያለችውን ካደረገች እኔ ሁለት ጥቅል እወስዳለሁ።

ትናንት ከሥራ ስገባ ትንሹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከሁለቱ ባዶ ካርዶች አንዱን ከመሳቢያ አውጥቷል። ማንም ጻፍ አላለውም። በዓልም አልነበረም፣ ስጦታም አልመጣም። ኳሱ ደግሞ የጋሼ ግቢ ገብቶ፣ ጋሼ እስከ በራችን ድረስ ይዘውለት መጥተው ነበር። ጋሼ ሲዳማ ናቸው፤ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ልጆቼ «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ መጀመሪያ የሚገቡት እሳቸው ቤት ነው። በኳሱም አንድ ቀን ተቆጥተው አያውቁም።

«እማዬ፣ ለጋሼ ስለሆነ ‹ዎት› ነው አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ‹ዎት› ነው።»

«አጻጻፉን አሳዪኝ።»

በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩለት። ምላሱን በጥርሱ ይዞ ገለበጠው። «ኳሴን ስለመለሱልኝ አመሰግንዎታለሁ።» መስመሩን ሁሉ ጨርሶበት ስሙ ከሥር ተጣቦ ገባ። ፖስታው አሁንም አልታሸገም፤ ፕላስተር ስፈልግ እሱ አልጠበቀኝም። ክፍቱን እንደያዘው በሩን ከፍቶ ሮጠ።